ፀሐይና ያልደረሰው ገብስ

አከራዬ ያልደረሰ ገብሳቸውን ሊያሳጭዱ መወሰናቸውን የሰማሁት ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። ለማርያም ዝክር የተጠመቀው ጠላ ከጓዳ ወጥቶ በረንዳው ላይ ተደርድሯል። ምን ተፈጠረ ብዬ ስጠይቅ፣ ለነገ ጠዋት ደቦ ተጠርቷል አሉኝ።

ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚወጣው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ከቤቱ ጀርባ ቁልቁለቱ ላይ ያለው ገብስ የዓመት ቀለባቸው ነው፤ የከርሞ ዘራቸውም ከዚያው ይወጣል። ገና አረንጓዴ ነበር። እንዲህ ከታጨደ ፍሬው ይጨማደድና ገለባ ብቻ ይተርፋል፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

ነገሩ የመጣው ደብረ ታቦር ባጃጅ ከሚነዳው ልጃቸው ነው። ስልኩ ላይ ቪዲዮ አይቶ ደወለላቸው። ሐሙስ ፀሐይ ትፈነዳለች፣ ማሳ ላይ ያለ ሰብል ሁሉ ይለበለባል፣ ያለሽን ሰብስቢ አላቸው። ሐሙስ ደግሞ ማርያም ናት፤ በዚያ ቀን ማጭድ የሚያነሳ የለም። ረቡዕ ሰዉ ለሌላ ደቦ ተይዟል። የቀረው ማክሰኞ ብቻ ነው።

ወሬው ሙሉ በሙሉ ፈጠራ አልነበረም። ፀሐይ ላይ ኃይለኛ ነበልባል መታየቱን እኔም በዜና ሰምቼ በዚያው ዕለት ለተማሪዎቼ አስረድቼ ነበር። ስለዚህ ለአከራዬም በቅደም ተከተል አስረዳኋቸው። መጀመሪያ ብርሃኑ ይመጣል፤ ስምንት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፤ የሬዲዮ ግንኙነት ሊያውክ ይችላል። ከዚያ፣ አንዳንዴ፣ ኤሌክትሪክ የተሸከመ የብናኝ ደመና ይከተላል፤ እሱ ከአንድ ቀን እስከ ሦስት አራት ቀን ይፈጅበታል። ሳተላይት ሊጎዳ፣ የመብራት መስመር ሊያስቸግር ይችላል። ገብስ ግን አያቃጥልም።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ባላቸውን አነሱ። አንድ ዓመት ሰው ሁሉ ሲያጭድ ባላቸው «ትንሽ ይጠንክር» ብለው ቆዩ፤ በዚያው ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ አደረና ውርጩ ማሳውን እንዳለ ወሰደው። «ውርጩም ሲመጣ አስታውቆ አልነበረም» አሉኝ። ያን ዓመት እንዴት እንዳለፉት አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ትምህርቴ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበር ማክሰኞ ጠዋት እኔም ማሳው ዳር ነበርኩ። ኪሴ ውስጥ የትምህርት ቤቱ አቅጣጫ ጠቋሚ ኮምፓስ አለ። ሰዎቹ ማጭዳቸውን ይዘው ተሰብስበዋል። ደቦውን የሚመሩት የአከራዬ ዋርሳ፣ የሟች ባላቸው ወንድም ናቸው። የመጀመሪያው ዛላ ከተቆረጠ በኋላ ማቆም እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ደቦ እንደ ጎርፍ ነው፣ አንዴ ከገባ ማሳውን ሳይጨርስ አይወጣም። ስለዚህ ዋርሳቸው ጎንበስ ከማለታቸው በፊት ቀድሜ ፊታቸው ቆምኩ።

ጎረቤት ፕላኔቶቻችንን ማርስንና ቬነስን አነሳሁላቸው። ማርስ ጥንት እንደ እኛ ምድር ጋሻ ነበራት፤ ከውስጧ የሚወጣ የማግኔት ኃይል ነው። ውስጧ ሲቀዘቅዝ ጋሻው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ከፀሐይ የሚነፍሰው ብናኝ አየሯን ትንሽ በትንሽ ጠርጎ ወሰደው፤ ነበልባል በተነሳ ቁጥር ደግሞ ጠረጋው ይበረታል። ዛሬ ደመና እንደሌለው የጉና ሌሊት ናት፤ ሙቀት የሚይዝላት ነገር የለም። ቬነስም የራሷ ጋሻ የላትም፤ አየሯ እጅግ ወፍራም ስለሆነ ግን አላለቀም፤ ውሃዋ ነው ተንኖ የሄደባት። እኛ ወፍራም አየርም አለን፣ ጋሻም አለን።

ዋርሳቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። «መምህር፣ ፀሐይቱ ዘመድህ ናት እንዴ፣ እንዲህ ዋስ የምትሆንላት?»

ሰዉ ሳቀ። አከራዬ አልሳቁም። ጋሻው የታለ ብለው ጠየቁኝ።

ኮምፓሱን አውጥቼ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። መርፌዋን ወደ ሰሜን የሚያዞራት ያው ጋሻ ነው አልኳቸው። መርፌዋ ትንሽ ተንቀጥቅጣ በሰሜን በኩል ወዳሉት የቤተ ክርስቲያኑ ጽዶች ዞረች። ዋርሳቸው በደንብ ለማየት ማጭዳቸውን እንደያዙ ጎንበስ አሉ። መርፌዋ ጽዶቹን ትታ ወደ እሳቸው ዞረች። ወደ ግራ ሲሄዱ ተከተለቻቸው፤ ወደ ቀኝ ሲመለሱም እንደዚያው።

«ጋሻው እኔ ነኝ ለካ» አሉ።

ሳቁ ማሳውን ሞላው። ከኋላ አንዱ ፀሐዩ ሳይበረታ እንጀምር አለ፤ ሁለት ሦስት ሰዎች እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አከራዬ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱ። ያኔ ነው ብረቱ ትዝ ያለኝ።

«ጋሼ፣ መርፌዋ ያየችው ማጭድዎን ነው። ሁላችሁም ማጭዳችሁን አርቁልኝ፤ ከዚያ እንያት።»

አጉረመረሙ፤ ግን የማየት ጉጉቱ ነበራቸው። ማጭዶቹ አንድ ባንድ ራቅ ብሎ ካለው የድንጋይ ካብ ሥር ተከመሩ። ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ከበቡን። መርፌዋ ዞራ ጽዶቹ ላይ ቆመች። ዋርሳቸው መዳፋቸውን አስጠጉ፤ አልተነቃነቀችም።

አከራዬ ቀረብ አሉ። «ሐሙስም እንዲሁ ትቆማለች?»

ዓይን የማያየው ያህል ልትንቀጠቀጥ ትችላለች፣ አትዞርም አልኩ።

«ብትሳሳትስ፣ ልጄ?»

የመጣልኝን ተናገርኩ። «እማማ፣ ፀሐይ ማሳውን የምታቃጥል ከሆነ የታጨደውንስ ነዶ ትተወዋለች? ከቤትዎ በር ላይ አይደል የሚከመረው?»

ማንም አልሳቀም። አከራዬ አንድ ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹት። ነጭ ወተት ጣታቸው ላይ ወጣ። ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ካቡ ሥር ወደ ተከመሩት ማጭዶች ተመለከቱ። ማጭዱ በእጃቸው ቢሆን ኖሮ ደቦውን የሚያቆመው አይገኝም ነበር፤ አሁን ግን ሁሉም እንዲያነሳ የእሳቸው ቃል ያስፈልጋል።

ተጠርቶ የመጣን ደቦ ባዶ መመለስ ነውር ነው። ስለዚህ ወደ ዋርሳቸው ዞሩ። «ያንተ ስንዴ ደርሷል። እዚያ ውሰዳቸው። ጠላውን አስመጣለሁ።»

ሰውየው ያልጠበቁት ሲሳይ ቢሆንም ለማፌዝ አላመነቱም። ጋሻ መሆኔ መች ጠፋኝ እያሉ ሰዉን ወደ ታች ነዱት።

ሐሙስ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን አከራዬ ምግብ ሳይቀምሱ ማሳው ዳር ቆሙ። ፀሐይ እንደ ሌላው ቀን ወጥታለች። እኔም ቢሆን ክፍሌ ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ኮምፓሱን አምጣው አሉኝ። ድንጋዩ ላይ ሳስቀምጠው የጎተራቸውን ቁልፍ ከመቀነታቸው ፈትተው ራቅ አድርገው ካቡ ላይ አኖሩት፤ ከዚያ ነው የቀረቡት። መርፌዋ ጽዶቹ ላይ ነበረች።

ረጅም ጊዜ አዩዋት። ቀጥለው ሰማዩን አዩ። አንድም ደመና አልነበረበትም።

«እንግዲህ የቀረኝ ውርጩ ነው» አሉና ቁልፋቸውን ሊያነሱ ሄዱ።