መሣሪያው እንዲሳሳት የለመነ

ኮምቦልቻ ከሚገኝ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሀፊዝ የሚባል የላቦራቶሪ ባለሙያ አለ። ማለዳ ማለዳ መንዙማ እያንጎራጎረ፣ የማንንም ደም ከመንካቱ በፊት ኮንትሮሉን በመሣሪያው ያሳልፋል። ኮንትሮል ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና ነው፤ መሣሪያው ያን ልክ ካልተናገረ ለበሽተኛ አይታመንም። ባልደረባው ጁነይድ ግን ኮንትሮሉ ከልኩ አልገባ ሲለው እስኪገባ ይደጋግመዋል።

«ሦስተኛው ላይ ገባልኝ!» ባለ ቁጥር ሀፊዝ ይቆጣዋል። «አንተ ሰው፣ ሎተሪ ነው እንዴ የምትቆርጠው? ለምን እንደሳተ ፈልግ እንጂ!»

አንድ ማክሰኞ ታላቅ እህቱ ዘሀራ ከደሴ ወረደች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤት ያሳደገችው፣ እሱ ተምሮ እስኪወጣ ትዳሯን ያቆየች እህቱ ናት። ፊቷ አብጧል። ቀልዷ ግን አልጎደለም፤ ክንዷን ዘርግታ ለደም ስትሰጠው እንዲህ አለችው፦

ብርዱ ገፋኝ ደሴ፣ ወረድኩ ኮምቦልቻ፣
ሕመሙ ሰበብ ነው፣ ዓይንህን ላይ ብቻ።

«እቴ ዘሀራ፣ እባክሽ ዝም በይ፤ ደም ሥሩ ያመልጠኛል።»

«ያምልጥህ! አንተስ ስንቴ አምልጠኸኛል? ስልክ እንኳ አታነሳ!»

የኩላሊቷ ቁጥር ሲወጣ መንዙማውን አቋረጠ። ኩላሊቶቿ ሥራቸውን ሊያቆሙ ጥቂት እንደቀራቸው ነበር ቁጥሩ የሚናገረው።

«መሣሪያው ነው» አለ። «ወላሂ መሣሪያው ነው! ቅድም መብራት ሄዶ መጥቷል።»

እውነትም ሄዶ ነበር፤ እንዲያ ሲሆን ደግሞ ደንቡ ኮንትሮሉን እንደገና ማሳለፍ ነው። ከማቀዝቀዣ አውጥቶ አስቀመጠው፤ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ጠብቆ፣ አረፋ እንዳያወጣ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ አገላበጠው። ዕድሜውን ሙሉ «ያረቢ፣ አስገባልኝ» ሲል የኖረ ሰው፣ ያን ቀን «ያረቢ፣ አሳስትልኝ» ብሎ ለመነ።

ኮንትሮሉ ከታወቀው ልኩ ሳይዛነፍ መሀሉ መስመር ላይ አረፈ።

ደገመው። ያው መሀል። ለሦስተኛ ጊዜ እጁን ሲሰድ ጁነይድ ክንዱን ያዘው።

«ሀፊዝ» አለው ዝግ ብሎ፣ «እስኪስት ድረስ ነው የምትደግመው?»

ሊቀልድበት አልነበረም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ሀፊዝ የእህቱን ደም አንድ ጊዜ ደግሞ አሳለፈው። ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ፈርሞ ለክሊኒኩ ሐኪም ወሰደው፤ ሐኪሟም አየችውና፣ «የኩላሊት እጥበት ያስፈልጋታል። ዛሬውኑ ደሴ ሆስፒታል ትግባ» አለችው።

ዘሀራ ከደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።

«እሺ፣ ምን አለ ማሽንህ?»

«ማሽኑ ደህና ነው፣ እቴ። ምንም አልተሳሳተም።»

«አልሀምዱሊላህ! ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?»

 ፊቱን ስታየው የገባት መሰለች። አጠገቧ ስባ አስቀመጠችውና፣ ልጅ ሳለ እንደምታደርገው በሻሿ ጫፍ አፍንጫውን ጠረገችለት።

«ተው እንግዲህ፣ የኔ ዓለም፤ ሰው እያየን ነው። ተነስና መኪና ፈልግ።»