ጠበል የጠጣው ሞተር

ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ለመኪና ብሎን ስም አወጣ ነበር። አጭሩና ወፍራሙ ቄስ ገበዙ ነው፤ አራቱ ረጃጅሞች የአክስቴ ልጆች፤ ጥርሱ ያለቀው ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች። ይህን ግን ፊት ለፊቷ ብዬው አላውቅም። አባቴ አንድ ብሎን በፈታ ቁጥር ወደ እኔ ይወረውራል፤ እኔም በተፈታበት ተራ ሰሌን ላይ አስቀምጥና ስሙን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ የጣሊያኖቹን የመኪና መጽሐፍም የሚያነብለት አልነበረም። መጽሐፉ ያ ሰሌን ነበር። መልሶ ሲገጥም «እስቲ እትዬ ዘነበችን አቀብዪኝ» ይለኛል፤ እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ። ዛሬም ቤንዚን ሲሸተኝ ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ ሳቅ ነው። ሌላው ሁሉ ከኋላው ይመጣል።

ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን የምንኖረው ደብረ ብርሃን ዳር፣ ጦሩ ከሰፈረበት አጥር አጠገብ ነበር። አባቴ የአንኮበር ሰው፣ ብረት ቀጥቃጭ ነው። እናንተም የዚያን ጊዜ ልጆች ከሆናችሁ ቀጥቃጭ ምን ይባል እንደነበር አትረሱትም። ማረሻ ሊያሠራ የመጣ ሰው ደጅ ቆሞ ያሠራል እንጂ እቤታችን ገብቶ ውሃ አይጠጣም፤ ልጆቹም እኔ ስመጣ ጨዋታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። የጣሊያኖቹ መካኒክ አባቴ የተሰበረ የጋሪ ብረት ሲያያይዝ አይቶ ጋራዥ ሲያስገባው፣ በድሮው ስድብ ላይ «ባንዳ» የሚል ሌላ ተጨመረ። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጎትታለች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጋራዡን እወደው ነበር። የኩበት ጭስና የበግ ሽታ በሞላበት አገር የዘይቱና የቤንዚኑ ሽታ የሌላ ዓለም ነው። ደግሞም እዚያ ከጨዋታ የሚያባርረኝ ልጅ የለም።

ወንድሜ ሙሉጌታ፣ እኔ ወንድም ጋሼ የምለው፣ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ኅዳር ውስጥ ወደ አልዩ አምባ ገበያ ወርዶ ጨው ሸምቶ ሲመለስ ኬላ ላይ ያዙት። ከጨዉ ሥር ጥይት ተገኘ አሉ። ማን እንዳስቀመጠው፣ እሱስ ይወቅ አይወቅ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሰፈሩ ጀርባ ባለ የበቅሎ ጋጣ ውስጥ ከሌሎች እስረኞች ጋር ዘጉበት። እናቴ በየቀኑ ዳቦና ቆሎ ይዛ ትሄዳለች። ዘበኞቹ ግማሹን በልተው ግማሹን ያስገቡለታል። ባዶው ቁና ሲመለስላት ልጄ በሕይወት አለ ብላ ታቅፈው ትመጣለች።

የሰፈሩ አዛዥ አንድ ሻምበል ነበር። ከፍ ባሉ ጎማዎች ላይ የተቀመጠች፣ ጭቃም ድንጋይም የማትፈራ መኪና ነበረችው። ሞተሯ ግን አርጅቶ አልቋል። ዘይት እንደ ውሃ ትጠጣለች፣ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፣ የጣርማ በር ዳገት ላይ ወታደሮች ከኋላ ካልገፏት ንቅንቅ አትልም። መካኒኩ በወባ ታሞ ወደ አዲስ አበባ ተወስዶ ነበር። በዚያው ሰሞን ያንኑ ዓይነት ሞተር ያለው፣ ብዙ ያልሠራ ሌላ መኪና ከጣርማ በር ገደል ወደቀ፤ ሾፌሩም ሞተ። ይህን ጊዜ ሻምበሉ ከነአስተርጓሚው ጋራዥ መጣ። እኔ ሰሌኔ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ስማ አንተ ቀጥቃጭ» አለ አስተርጓሚው። «ገደል የገባውን ሞተር አውጥተህ እዚህች ላይ ትገጥማለህ። እሑድ ጠዋት ጣርማ በር ደርሳ ከተመለሰች ልጅህ ማታውን እቤትህ ያድራል። ካልሆነ ሰኞ እስረኞቹን የሚወስደው መኪና ላይ ይወጣል።»

«ወዴት ነው የሚወስዳቸው?» አለ አባቴ።

አስተርጓሚው ይህን ለሻምበሉ አልተረጎመለትም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሄደ ሲመለስ አይተህ ታውቃለህ?» አለው።

ለመዘዞ ገበሬዎች በሬ እንዲያመጡ ትእዛዝ ተላለፈ። አባቴ ከወይራ ግንድ መጎተቻ ሠርቶ፣ ሞተሩን በጠፍር አስሮ፣ በስድስት በሬ ሽቅብ አስጎተተው። ሁለት ቀን ፈጀ። አንዱ በሬ እዳገቱ ላይ ወድቆ ቀረ፤ ባለቤቱ ቀንዱን ይዞ ሲያለቅስ የሚያባብለው አልነበረም ብሎ አባቴ ነገረን። ሞተሩ ጋራዥ ሲደርስ መጀመሪያ ያደረገው፣ በትንሿ መዶሻ ጎን ጎኑን እየመታ ጆሮውን ማስጠጋት ነበር። ደህና ብረት ሲመቱት ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ብረት ድምፁ ይታፈናል። «ስሚ እንጂ ጥሩ» አለኝ፤ ጥሩነሽን አሳጥሮ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «እንደ ደወል አይደለም?» እንደ ደወል ነበር።

የመስቀያ ሰንሰለት ስላልነበረው ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አናታቸውን አስሮ አቆመና አሮጌውን ሞተር በጠፍር አንጠልጥሎ አወጣው። አዲሱን ሊያወርድ ሲል ከሥሩ አንድ ጓንት ተሰንቅሮ አገኘ፤ የሾፌሩ ነው፤ ደም ነክቶታል። እናቴ ምሳ ይዛ የደረሰችው ይሄኔ ነው።

«የሰው ነፍስ የወጣበት ብረት ነው እንዴ?» አለች ቆማ ቀርታ። «በዚህ ነው ልጄን የሚያወጡልኝ?»

«ብረት ነፍስ አያውቅም፣ አስካለ» አላት አባቴ።

እናቴ አልተከራከረችም። እናቴ ዝም ካለች ደግሞ አንድ ነገር ቆርጣለች ማለት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ተነሣ። ሰሌኔ ላይ አንድም ብሎን አልቀረም። ጭስ የለ፣ ሳል የለ፤ ድምፁ የጠገበች ድመት ይመስላል። አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይስቃል፤ ወንድም ጋሼ ከተያዘ ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው። ሻምበሉ መጥቶ ጆሮውን ጣል አድርጎ ሰማና «ቤኔ፣ ቤኔ» አለ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው። አባቴ ሄዶ ለልጁ የምሥራቹን እንዲነግርም ፈቀደለት።

ብርዱ የጠና ሰሞን ነበር። አባቴ ማታ ማታ ሥራ ሲያበቃ ከየመኪናው ሞተር ሥር ያለችውን ትንሽ የውሃ ማፍሰሻ ይከፍታል፤ ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ማፍሰሻዋንም እንደተከፈተች ትቷት ይሄዳል። መካኒኩ እንዲህ አስለምዶታል። ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም። መኪና ማታ ማታ እንደ ላም የምትታለብ ነበር የሚመስለኝ። ያን ቀንም የሻምበሉን መኪና ውሃ አፈሰሰና ወደ ጋጣው ገሰገሰ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እናቴ ገንቦ አዝላ እቤት ደረሰች። ጠበል ወርዳ መምጣቷ ነው። «ነይ ተከተዪኝ» ብላ እጄን ይዛኝ ወደ ጋራዡ ሄድን። በር ላይ አንድ ረዥም አስካሪ፣ ለጣሊያን የሚያገለግል ሐበሻ ወታደር፣ ቆሟል።

«ወዴት ናችሁ?» አለን።

«ያቺ መኪና ነገ ልጄን ልታስፈታልኝ ነው። ሰው የሞተበት ሞተር ገጥመውባታል። ጠበል ላስነካት ነው፣ ልጄ።»

አስካሪው ገንቦውን አየ፤ ወደ ሰፈሩ ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ቆቡን አውልቆ ጎንበስ አለላት። «እንግዲያው መጀመሪያ እኔን ይርጩኝ፣ እናቴ። ከቤቴ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው።» እናቴ ፊቱን ረጨችው። በቅዝቃዜው እየተንቀጠቀጠ «አሜን፣ አሜን» እያለ አሳለፈን።

እናቴ መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ ረጨቻት። ጎማዎቹ እንኳ አልቀሩም። ቀጥላ ግን ቆም ብላ አሰበች። «ላይ ላዩን ምን ያደርጋል? ነገሩ ያለው ውስጧ ነው። አባትሽ ውሃ የሚያጠጣት በየት በኩል ነው?»

እኔ የማላውቀው ነገር ሊኖር ነው? በኩራት ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋት። እናቴ በስመ አብ ብላ ገንቦውን ዘንበል አደረገች። ወዲያው ከሥር ሲንጠባጠብ ሰማነው።

«ኧረ ጠበሉ! ኧረ በማርያም!» አለች። «ዘይትና ፋንድያ ላይ ፈሰሰ! ነገ ሊረግጡት ነው!»

«እማዬ፣ እኔ አውቃለሁ!» አልኩና ከመኪናዋ ሥር ሾልኬ ገብቼ ማፍሰሻዋን ጠመዘዝኳት። መንጠባጠቡ ቆመ። ከሥር ስወጣ እናቴ ግንባሬን ሳመችኝ። «እሰይ የኔ ልጅ! ደግሞ ለአባትሽ እንዳትነግሪው፣ ይስቅብኛል» አለችኝ። ገንቦው ባዶ እስኪሆን አጠጣናት። ተመልሰን ስንሄድ እየዘለልኩ ነበር። ወንድሜን ያስፈታሁት እኔ ነኝ ብዬ አስብ ነበርና።

ጠዋት ሜዳው ሁሉ በውርጭ ነጭ ነበር። በጓሯችን የበጎች ገንዳ ውስጥ ያደረው ውሃ ረግቶ እንደ ድንጋይ ደርቋል። አባቴ በቆርቆሮ ሙቅ ውሃ ይዞ፣ እኔ ከኋላው እየሮጥኩ፣ ጋራዡ ደረስን። ክዳኑን ከፈተና ሙቁን ውሃ ሊያፈስ ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። ውስጡ በረዶ ነው። ቆርቆሮውን መሬት አስቀመጠ። ተንበርክኮ ከሥር አየ፤ ማፍሰሻዋ ተዘግታለች። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ምን እንዳየብኝ እንጃ፤ እኔ ግን ገና ምንም አልገባኝም ነበር። ከዚያ ትንሿን መዶሻ አንሥቶ የሞተሩን ጎን መታ። ድምፁ እንደ ነቃ ገንቦ ነበር። ከላይ እስከ ታች፣ ፀጉር የምታህል መስመር ብረቱን ሰንጥቃዋለች። ውሃ ሲረጋ እንደሚያብጥ፣ አብጦም ብረት እንደሚሰነጥቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሻምበሉ ለመንገድ ለባብሶ መጣ። አስተርጓሚው «ምን ሆነ?» አለ።

«ውሃውን ሳላፈስ አደርኩ። ረሳሁ» አለ አባቴ።

«ሰውዬ፣ እንዲህ ብዬ ልተርጉምልህ? ሌላ የምትለው የለህም?»

«የለኝም። ረሳ በለው።»

ሻምበሉ አልጮኸም። ሰዓቱን አየና ፈረስ አምጡልኝ አለ። አባቴን ጋራዡ በር ላይ ገረፉት። በሩ ላይ የነበረው በሌሊት ተራውን የተረከበ ሌላ አስካሪ ነው፤ ፊቱን አዙሮ ቆመ። እኔ ሰሌኔን ጠቅልዬ ይዤ ግድግዳው ሥር ቆሜ ነበር። አፌን ልከፍት ስል አባቴ አየኝ፣ ራሱንም ነቀነቀብኝ። ዘጋሁት።

ሰኞ እስረኞቹን ጫኑ። ወንድም ጋሼ ከኋላ፣ ዳር ላይ ቆሟል። እናቴ ነጠላዋ ወድቆ በባዶ ራሷ ከመኪናው ኋላ ትሮጣለች። እሱ ከላይ «እማዬ፣ ቤት ግቢ! ብርድ ነው!» ይላታል። «ቤት ግቢ እንጂ!» ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማነውም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከተወሰዱት ጥቂቶቹ ተመለሱ። አንድ የደነባ ሰው መጥቶ፣ ወንድም ጋሼ በባሕር አጠገብ ባለ በረሃ በንዳድ እንደሞተ ነገረን። እናቴ ፀጉሯን ተላጨች። ሐዘኑ የወጣ ዕለት ከአባቴ ወናፍ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጠበሉን፣ አስካሪውን፣ ማፍሰሻዋን።

«አውቃለሁ» አለኝ እሳቱን እያየ። «ማፍሰሻዋ ብትዘጋም አልጠበቀችም ነበር። የልጅ እጅ ነው።»

«ለእማዬ ልንገራት?»

ወናፉን ሁለቴ ነፋ። «ልጇን የለመነችው በዚያ ጠበል ነው። እሱንም ከነጠቅናት ምን ይቀራታል? እኔን ትጥላ። እኔ እችለዋለሁ።»

ዛሬ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። በደብረ ብርሃን የሚያልፈው መኪና በዝቷል። አባቴም የራሱን ጋራዥ ከፍቷል። ስድቡ ቀርቶ «መካኒኩ» ሆኗል። ያኔ ደጃችን ቆመው የሚመለሱት ሰዎች ዛሬ ገብተው ይበላሉ፤ ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ይቀመጣሉ። የሞተር ቁጥር አንብቤለት፣ ከአዲስ አበባ በመጣ የሰንሰለት ማንሻ ሲገጥም ሳየው ደስታዬ ወሰን የለውም። ወንድም ጋሼ ይህን ቢያይ እላለሁ። ታኅሣሥ ገብቶ ሜዳው ሲነጣ ግን እናቴ ትጀምራለች።

«አንዲት ውሃ ማፍሰስ!» ትላለች ለመጣው እንግዳ ሁሉ። «የልጄ ነፍስ በእሷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እሳቸው ረሱ።»

«አዎ፣ ረሳሁ» ይላል አባቴ።

ያኔ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነበር። አሁን የምለው እያለኝ ነው ዝም የምለው። ተነሥቼ አባቴ ካለበት መደብ ላይ፣ ከጎኑ ሄጄ እቀመጣለሁ። እናቴም ታየንና ፊቷን ታዞራለች፤ «አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ለአባትሽ ታደያለሽ» ትለኛለች።