ቀይ ሪባን የታሰረበት ጥድ

ሬይዮ ኬምፓይነን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሄሊኮፕተር ዛፍ ሲመለምል አንድም ቀን መጋዙን ጥሎ አያውቅም። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም ማለት አይደለም። በፊንላንድ በካይኑ ጫካ የሚሠሩ አብራሪዎች ግን ስሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሉት ይህንኑ ነው። እሱ ራሱ አንስቶት አያውቅም፤ ነገር ግን ይቆጥራል። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሌላ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ ያንን ስም ሳያበላሽ መውረድ ይፈልጋል።

መጋዙ ከሄሊኮፕተሩ ሆድ በረጅም ዘንግ ሠላሳ ሜትር ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። አሥር ክብ ምላጮች ከላይ እስከ ታች ተደርድረውበታል። አብራሪው በጎን መስኮት አንገቱን አስግጎ ቁልቁል እያየ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦው የተጠጋውን ዛፍ እንደ ግድግዳ ቀጥ አድርጎ ይልጠዋል። መጋዙ ሽቦ ሊነካ ከሆነ አውራ ጣት ሥር አንዲት ቁልፍ አለች። ስትጫን መጋዙ ይወድቃል፣ ሰውየው ይተርፋል። መጣል ነውር የለውም ይባላል። የጣለው ሰው ግን ለጥቂት ቀን ከሌሎቹ ተነጥሎ ነው ምሳውን የሚበላው።

የሬይዮ አንገት ከዚህ ሥራ የተነሳ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ቀርቷል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ሲያይ እንኳ እንዳዘነበለ ነው።

ኅዳር ገብቷል። ብርሃን የሚኖረው ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው። ዓርብ እርጥብ በረዶ ይጥላል ተብሏል፤ እርጥብ በረዶ ዛፍ ላይ ተቆልሎ ቅርንጫፉን ሽቦ ላይ ያጋድመዋል፣ መንደሩም ይጨልማል። ዛሬ ረቡዕ ነው። ሬይዮ አሥራ አንደኛ ቀኑን ያለ ዕረፍት ይበራል።

ነዳጅ የሚቀዳለት ኢልፖ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ኢልፖ በዋዜማው መስመሩን በእግሩ እየሄደ ምልክት ያለባቸውን ዛፎች ይመዘግባል።

"አንተ ሽማግሌ፣ አንገትህ እንዴት አደረ?"

"ከምላስህ ይሻላል።"

"ዓይንህ ደም መስሏል። ነገ ብትጨርሰው ምን አለበት?"

"ነገም ሌላ ሥራ አለ። ዝርዝሩን ንገረኝ።"

ኢልፖ ወረቀቱን ገለጠ። "ምሰሶ አሥራ ስድስት ጋ ቀይ ሪባን የታሰረበት ጥድ አለ። መሽቶ ስለነበር ከሩቅ ነው ያየሁት፤ የመስመሩ ተቆጣጣሪ መሆን አለበት ያሰረው። አትማረው፤ እስከ ታች ላጠው።"

በእነሱ ሥራ ሪባን ማለት ይኸው ነው።

ከቀትር በኋላ ለአራተኛ ጊዜ ተነሳ። ምሰሶ አሥራ ስድስት ሲደርስ መጋዙን በሽቦውና በጥዱ መካከል አወረደ። ምላጮቹ ጫፉ ውስጥ ገቡ፤ ቅርንጫፍ ተበተነ። ያን ጊዜ ነው ታች ያለውን ያየው። የጥዱ ግንድ ከመሬት እስከ ሁለት ሰው ቁመት ድረስ ራቁቱን ነው። በግንዱ ላይ ነጭ ሰሌዳ ተመትቶበታል። ሪባኑ ከሰሌዳው ሥር ነው።

የካይኑ ሰው ይህን ለማወቅ ማንበብ አያስፈልገውም። አስከሬን ይዘው ወደ መቃብር ሲሄዱ መንገድ ላይ ቆመው አንድ ጥድ ከታች ይመለምላሉ፤ የሟቹን ስምና ዓመት የያዘ ሰሌዳ ይመቱበታል። ሟች ወደ ቤቱ ልመለስ ቢል እዚያ ሲደርስ ስሙን አንብቦ፣ መሞቱን አስታውሶ ወደ መቃብሩ ይመለሳል ይባላል። ሬይዮ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የአባቱን ጥድ በመጥረቢያ የመለመለው እሱ ራሱ ነው።

እጁ ሳያማክረው መሪውን ወደ ጎን ጎተተ።

ያልደከመ ሰው ቢሆን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳ ነበር። መጋዙ ከጥዱ ወጥቶ ወደ ሽቦው ተወዛወዘ። አውራ ጣቱ ቁልፏን ተጫነ።

"ኢልፖ።"

"እየሰማሁህ ነው።"

"ጣልኩት።"

"ደህና ነህ?"

"ጣልኩት እኮ ነው የምልህ።"

መጋዙ ረግረጉ ውስጥ ግማሽ ድረስ ተሰክቶ ቆሟል። ሬይዮ እዚያው አጠገብ፣ ድንቹ የተለቀመበት ማሳ ላይ አረፈ። ኢልፖ በመኪናው ሲደርስ የማሳው ባለቤት ሌምፒ ካርፒነን በቦቲ ጫማ እየተንገታገቱ መጡ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው።

"እንደዚያ ስትጮሁ ቆይታችሁ ዝም ስትሉ ደነገጥኩ። የሞተ አለ?"

"የለም፣ እማማ። ያንን ሪባን ማን ነው ያሰረው?" አለ ኢልፖ።

"እኔ ነኛ! እንዳትነኩት ብዬ። የባለቤቴ የአውኩስቲ ነው።"

"በእኛ ሥራ እኮ ሪባን ማለት ቁረጠው ማለት ነው።"

"ኧረ እናንተ ሰዎች! ቁረጡልኝ ብዬ ጌጥ አስራለሁ እንዴ?"

"ጫፉን ወስጄበታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ ሬይዮ።

አሮጊቷ በእጃቸው ዓይናቸውን ከልለው አዩ። "ሰሌዳው አለ?"

"አለ።"

"እንግዲያው ያነበዋል። ጫፉ ምን ያደርግለታል? በሕይወቱም ቀና ብሎ አያውቅ፤ ሲሄድ መሬት መሬት ነበር የሚያየው። ኑ ግቡ፣ ሾርባ አለ።"

የዓሣ ሾርባና ጥቁር ዳቦ አቀረቡላቸው። ኢልፖ የአደጋ መመዝገቢያውን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"ምክንያት የሚለው ላይ ነፋስ በል። ነፋስ ከሆነ በአንተ ላይ አይቆጠርም።"

ሬይዮ በመስኮት አየ። ከሳውናው ጭስ ማውጫ የሚወጣው ጭስ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቆሟል። መጋዙን መጣሉ አልነበረም ያስጨነቀው፤ እጁ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ከሥር ያለው ረግረግ ሳይሆን ኢልፖ ሊሆን ይችላል።

"ደክሞኝ ነበር" ብሎ ጻፈ።

"አንተ ሰውዬ! ይህን ካዩ ሐኪም ዘንድ ይልኩሃል። ሐኪሙ ያንን አንገት አይቶ…"

"አውቃለሁ።"

"በቃ ዳግመኛ አትበርም እኮ!"

"ብዕርህ ቀለም አይሰጥም። ፊርማው ቀርቷል፤ ሌላ አለህ?"

ኢልፖ ኪሱን ፈትሾ አጣ። ሌምፒ መስቀለኛ ቃላት የሚሞሉበትን እርሳስ አቀበሉት።

ከአውኩስቲ ጥድ ወደ ሽቦው የተዘረጋች አንዲት ቅርንጫፍ ቀርታ ነበር፤ የዓርቡ በረዶ አይምራትም። ሳይመሽ ወጡ። ኢልፖ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ የእጅ መጋዝ ከመሬት ሆኖ ይገዘግዝ ጀመር፤ ሬይዮ ከሥሩ ቆሞ ይመራዋል።

"ወደ ግራ። ትንሽ። እዚያ ጋ።"

"የታችኛዋን እንዳትነኩ!" አሉ ሌምፒ ከኋላ።

የእንጨት ብናኝ ፊቱ ላይ ወረደበት። ሃያ ሁለት ዓመት ቁልቁል ያየውን ዛፍ አንጋጦ ሲያየው አንገቱ ያንኑ ያህል አመመው።

"ዘወር በል፣ ቅርንጫፏ ልትወድቅ ነው" አለው ኢልፖ።

ዘወር አለ።