ቀለሙን የሚፍቁት አጎቴ

አጎቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። በብረት ሽቦ የተለበጠ ኬብል ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያ የብረት ሳጥን ጋር ከማሰራቸው በፊት የሳጥኑን ቀለም እስከ ብረቱ ድረስ በቢላ ይፍቁ ነበር፤ የኬብሉ ልባጥ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ብረት ብረትን ሲነካ ብቻ ነውና።

የዳንግላው ባለወፍጮ «ጋሼ፣ አዲስ ሳጥን ያበላሻሉ?» ቢላቸው፣ ቀና ሳይሉ «ሳጥኑ ከሚያምር አንተ ብትተርፍ ይሻላል» አሉት። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ ምህንድስና የማስተምረው እኔ ብስቅ ደግሞ «ሳቂ ዶክተር፤ እጅሽ ንጹሕ ነው» አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። ሳጥኑ ተቀይሯል። ባለቤቱ «አዲሱ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ቀለሙን እንኳ አልጫረብኝም» አለኝ። ለካሁት፤ ሳጥኑ ከመሬት ጋር አልተገናኘም። ውስጡ አንድ ሽቦ ቢላጥ ሳጥኑን የነካ ሰው ይሞታል። ወፍጮውን አስቆምኩ።

ሳጥኑን የገጠመው «አዲሱ ልጅ» የቀድሞ ተማሪዬ ነው። በፈተና የኬብል ልባጥን ውፍረት በትክክል አስልቶ ከእኔ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። ስለ ቀለም ግን አንድ ቃል አላስተማርኩትም፤ የሚያውቁትን አጎቴንም አንድ ቀን እንኳ ወደ ክፍሌ አልጋበዝኳቸውም።