ማሽኑን የት አደረሳችሁት

የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሠራተኞች «ተኳሿ» ነበር የሚሏት። የሆቴል አንሶላ እንደ እሷ ቀጥ አድርጎ የሚተኩስ አልነበረም። ሰው ግን ቶሎ አታምንም። «ደህና ነኝ የሚላትን እንኳ ፊቱን አጥንታ ነው የምትለቀው» እያለች ታናሽ እህቷ ትስቅባት ነበር። ቀኝ እጇን ትልቁ መተኮሻ ማሽን ከያዘው ወዲህ ግን አመሏ የሚያስቅ መሆኑ ቀረ።

ማሽኑ ሁለት የጋሉ ሳህኖች አሉት፤ የላይኛው ወርዶ ከታችኛው ጋር ይገጥማል። ከፊቱ ያለው የብረት ዘንግ እጅ ሲነካው ማሽኑን ቀጥ ማድረግ ነበረበት። ሥራ ያጓትታል ተብሎ ግን በማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ትዕዛዝ በሽቦ ተጠፍሮ ነበር። ከሆስፒታል ስትወጣ፣ ባለቤቱ «ወሬ ይዟት እጇን ራሷ ከተተች እንጂ ማሽኑስ ምንም አልነበረበትም» ማለቱን ሰማች። አንጀቷ አረረ፤ ከሰሰችው።

ዳኛዋ ገና ከጅምሩ አዘዙ፦ ማሽኑ ሳይነካካ እንዳለ ይቀመጥ፣ የከሳሿ ባለሙያም ገብቶ ይየው። ባለሙያው ሲሄድ ቁልፉን የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል ተባለ። በሌላ ቀን ሲመለስ መብራት የለም ተባለ። ዳኛዋ ተከሳሹን አስጠነቀቁት። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ፤ ማሽኑ የነበረበት ቦታ ላይ ግን የታጠፈ ፎጣ ተከምሮበት ነበር። «ድሮ ነው የሸጥነው፤ ማን እንደገዛው አናውቅም» አሉ።

ተኳሿ ከዚያ በኋላ የማትጠረጥረው ሰው ጠፋ። ጠበቃዋን ሳይቀር ጠረጠረች፤ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ከባለቤቱ ጠበቃ ጋር ሲሳሳቅ አይታው ነበር። ቢሮው ሄዳ ቁጭ ከማለቷ ጠየቀችው።

«ከዚያ ሰውዬ ጋር ምን ያሳስቃችኋል?»

«አብረን ነው የተማርነው፤ ሰላም ልለው ነው» አለ ጠበቃው።

«ማሽኑን ውሃ በልቶታል። እርስዎ ግን ሲጨነቁ አላይም።»

«እህቴ፣ ፍርድ ቤት አሳይ ያለውን የሚደብቅ ሰው ራሱን ነው የሚጎዳው። ይቀጣል። ከዚያም አልፎ ዳኛዋ የደበቀውን ነገር እንደተረጋገጠበት ሊቆጥሩት ይችላሉ። ግን ከትዕዛዙ በኋላ ማሸሹን ማሳየት አለብን።»

አነጋገሩ ደህና ነበር። ደህና መሆኑ ራሱ ደስ አላላትም።

የእህቷ ባል የዚያው የልብስ ማጠቢያ ቤት ሹፌር ነው። አንድ እሁድ እህቷን ልትጠይቅ ስትሄድ የሥራ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል። የጭነት ወለሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተፍቋል፤ ከባድ ብረት የተጎተተበት ነው፤ ፍቀቱ ገና ዝገት አልያዘም። ጠርዙ ላይ ጥቁር ግራሶ ተለድፏል። ሹፌሩ ከቤት ወጣ።

«ምን ታያለሽ?»

«ምን ጭነህበት ነው?»

«ፍሪጅ።»

«የማንን?»

«የሰው ነዋ» አለና ሸራውን ስቦ አለበሰው። ዓይኗን አላያትም።

ምሳ ሳትበላ ተሰናብታ ወጣች። ለጠበቃው ብትነግረው የእህቷን ቤት ልታናጋ ነው። ዝም ብትል የገዛ እጇን ልትክድ ነው። ጠበቃው ተገዝቶም ከሆነ ወሬው ከእሷ አፍ ወጥቶ ባለቤቱ ጆሮ ይገባል። በመጨረሻ ነገረችው፤ ግማሹ ልቧ ሹፌሩን ሲፈራ፣ ግማሹ ጠበቃውን ሊፈትን። የተገዛ ቢሆን ሹፌሩን አይጠራውም ብላ ነበር። ሹፌሩ ለምስክርነት ተጠራ።

እህቷ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። «የልጆቼን ጉሮሮ ልትዘጊ ነው?»

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

«እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ተኳሿ እህቷንም ጠርጥራት እንደነበር እንዴት ብላ ትንገራት? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

በችሎቱ ቀን ባለቤቱ ማሽኑን ትዕዛዙ ሳይደርሰው እንደሸጠ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተናገረ። ቀጥሎ ሹፌሩ ገባ። ተኳሿ ይክዳል ብላ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

«ማሽኑን የት አደረሳችሁት?» አሉት ዳኛዋ።

«ብረት ቆራጮች ጋ ወሰድኩት። ቆሜ አስቆረጥኩት።»

«መቼ?»

«ትዕዛዙ ከመጣ በኋላ። ባለቤቱ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ነው ጫነው ያለኝ። ዘንጉ ያኔም በሽቦ እንደታሰረ ነበር።»

ዳኛዋ ብዙ አልቆዩም። ተከሳሹ ትዕዛዝ ጥሶ ማስረጃ አጥፍቷልና ዘንጉ ታስሮ እንደነበር፣ ጉዳቱም በዚያ እንደደረሰ ተረጋግጧል ተብሎ ይያዛል፤ ይህን ለማስተባበልም ማስረጃ አያቀርብም አሉ። ትዕዛዝ በመጣሱ ቀጡት፤ ባለሙያው በከንቱ የተመላለሰበትን ወጪም እንዲከፍል አዘዙ። ለክርክር የቀረው የካሳው ልክ ብቻ ነበር።

ደረጃው ላይ ሹፌሩ ቆሞ ጠበቃት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የጠረጠርሽኝ?»

«ከሸራው ጀምሮ።»

«ልክ ነበርሽ» አለ ቀስ ብሎ።

ካሳው ተወሰነላት፤ እጇም ከሕክምና በኋላ ብርጭቆ መያዝ ቻለ። እህቷም ቀስ በቀስ ወደ ቤቷ መምጣት ጀመረች። አንድ ቀን ግን የድሮ የሥራ ባልደረባዋ፣ ከምስክርነቱ በፊት በነበረው ሳምንት ባለቤቱ በእህቷ ባል ቦታ ሌላ ሹፌር ቀጥሮ እንደነበር አጫወተቻት። ታዲያ የእህቷ ባል እውነቱን ያወጣው ለእሷ አዝኖ ነው ወይስ በቂም? ልትጠይቀው አስባ ቤቱ ድረስ ሄደች። ልጁን አዝሎ በሩን ሲከፍትላት ፊቱን አጥንታ አየችው።

«ምነው፣ በሰላም?» አላት።

«በሰላም ነው» አለችና ገባች። ጥያቄውን አላነሳችውም፤ አልረሳችውምም።