መጀመሪያ ግምትሽን

ወደ ሱዳን ስንጓዝ ተይዘን ጎንደር እስር ቤት ስገባ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ወንዶቹን ለይተው ወሰዷቸው፤ እኔን ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ወዳሉበት ክፍል ገፍተው ከተቱኝ። ክፍሉ ላብና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። የሚተኛው በየተራ ነው።

በሦስተኛው ቀን የወር አበባዬ መጣ። እኛ ቤተ እስራኤሎች ዘንድ ሴት በዚያ ጊዜ ከቤት ወጥታ ለሰባት ቀን የመርገም ጎጆ ትገባለች፤ ሰውም ዕቃም አትነካም። እስር ቤት ጎጆ ከየት ይምጣ? በሩ ሥር ተኮራምቼ ተቀመጥኩ፤ አብሮ መብላትም ተውኩ። በር ሥር የምትቀመጥ፣ ማንንም የማትቀርብ ልጅ ደግሞ ለክፍሉ ሴቶች ጆሮ ጠቢ ናት። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ተባባሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

አንዲት ሴት ብቻ ቀረበችኝ። የሳይንስ መምህርት ናት፤ በፖለቲካ ነው የታሰረችው። ሁሉም እትዬ ይሏታል።

"ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?"

"አይንኩኝ እትዬ። ደም ላይ ነኝ።"

አልሳቀችብኝም። ሴቶቹን አጠጋግታ አንድ ጥግ አስለቀቀችልኝ፤ ነጠላዋን አጥፋ በመሐላችን እንደ ድንበር ዘረጋችው። "ይሄው ጎጆሽ" አለችኝ። ነገሩ ሲገባቸው ሴቶቹም ቆሎ በጨርቅ አድርገው ከነጠላው ማዶ ይገፉልኝ ጀመር።

ጠዋት ከቆጠራ በኋላ እትዬ ከእያንዳንዷ ወጣት አንድ አንድ ጥያቄ ትቀበላለች። በዚያ ግቢ የሚጠይቁት መርማሪዎቹ ብቻ ነበሩና መጠየቁ ራሱ ደስ ይል ነበር። ተራዬ ሲደርስ "ደሙ ለምን በየወሩ ይመጣል?" አልኩ። እናቴን እንኳ ደፍሬ አልጠየቅኋትም።

"መጀመሪያ ግምትሽን።"

"እርግማን ነዋ።"

"እሺ። ታዲያ ስታረግዥ ለምን ይቀራል?"

ሁለት ቀን አሰብኩ። እስር ቤት መሆኔን ረሳሁ ብል ውሸት ነው፤ ግን የነዚያ ሁለት ቀኖች ደስታ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

በሦስተኛው ጠዋት ወታደሩ በሩን ከፍቶ ወደ እሷ ጠቆመ። "አንቺ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ።" እንዲህ ተብላ የወጣች ስትመለስ አላየንም።

"ትንሽ ቆይ ወንድሜ። ይቺ ልጅ መልስ አላት" አለችው። ቆመ።

ወንድ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ቢሆንም ተናገርኩ። "ለልጅ የተነጠፈ ነው። ልጁ ካልመጣ ንጣፉ ይነሳል።"

"ልክ ነሽ" አለች። ዕቃዋን ሰብስባ ነጠላዋን ግን ካለበት ተወችው። "ቀንሽ ገና አላለቀም" ብላኝ ወጣች።

አሁን እስራኤል አገር፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ ነው የምኖረው። ባለፈው ማክሰኞ የልጅ ልጄ የቢዮሎጊያ ትምህርቷን ልታጠና ቤቴ መጥታ ይህንን ነገርኳት።

"ሳቭታ፣ ስሟ ማን ነበር?" አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው።

አላውቀውም። ስለ ደሙ ስጠይቃት ስሟን አልጠየቅኋትም። አፈርኩ፤ ለልጅቷም እንደዚያው ነገርኳት።

"በሰደር፣ እሺ" አለች፣ ደብተሯን ባዶ ገጽ ላይ ገልጣ። "የት ነበር የምታስተምረው? አብረውሽ ከታሰሩት አሁን በሕይወት ያለች አለች?"