የሜ ማካቤሎ ነጭ ጨርቅ

ጥፋቱ የኔ ነው። አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። በሃ-ማፌካ ገበያ ታሪኩን የሚያወራ ሁሉ "መምህር ማሉኬ ያደረገውን ሰማችሁ?" ብሎ ነው የሚጀምረው።

ሜ ማካቤሎ ጎረቤቴ ናቸው። "ሜ" የምንለው እናት የሆነችውንም እናት ልትሆን የሚገባትንም ነው፤ እሳቸው ግን ለመንደሩ ግማሽ በእውነት እናት ናቸው። ባላቸው ወርቅ ሊቆፍሩ ወደ ጆሃንስበርግ ወርደው በስምንተኛው ዓመት ሳል ይዘው ተመለሱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ሜ ማካቤሎ የሠርጋቸውን አንሶላ ለሁለት ቀደዱት። ከግማሹ ለሕፃኗ ልጃቸው ለካቤሎ ቀሚስ ሰፉ፤ ከግማሹ ነጭ ጨርቅ ቆርጠው ደጃቸው ላይ በተከሉት ረጅም እንጨት ሰቀሉት። እኛ ዘንድ ነጭ ጨርቅ የተሰቀለበት ቤት የማሽላ ጠላ አለ ማለት ነው። ቀይ ከሆነ ሥጋ፣ አረንጓዴ ከሆነ ጎመን። ከተራራ ማዶ የሚመጣ ፈረሰኛ ማንንም አይጠይቅም፤ ቀና ብሎ አይቶ፣ ያማረው ደጅ ላይ ይወርዳል።

ካቤሎን ያሳደጋትም ያስተማራትም ያ ጨርቅ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የመጨረሻዋ ጣሳ እንደተቀዳች ይወርዳል፤ ዝናብ ቢዘንብ፣ በረዶ ቢጥል ወጥተው ያወርዱታል። "የኔ ጨርቅ ዋሽቶ አያውቅም" ይላሉ። ምላሳቸው ምላጭ ነው። የመንደሩ አለቃ እንኳ አንድ ቀን ሳይጠጡ ወንበር ይዘው ቢያወሩ "ለወሬ ከሆነ የመጡት ድንጋዩ አለልዎት፤ ወንበሩ የጠጪ ነው" ብለው አስነሥተዋቸዋል።

ታዲያ ከአስፋልቱ ዳር የጠርሙስ ቢራ የሚሸጥ፣ ሙዚቃው ጥርስ የሚያንቀጠቅጥ ቡና ቤት ተከፈተና ጠጪው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። ባለፈው ወር ግማሽ በርሜል ጠላ ኮምጥጦ ለአሳማ ተደፋ። ካቤሎ ይህን ሰምታ ከዋና ከተማችን ከማሴሩ መጣች። በከተማው የቢሮ ሠራተኛ ነች፤ ቧንቧ ያለው ቤት አላት።

"እማዬ፣ በቃሽ። ወገብሽ እኮ አልቋል። ነይ ከኔ ጋር ኑሪ።"

"ጨርቄን ማን ያወርደዋል?"

"አሳማዎቹ!"

  ሜ ማካቤሎ "እሺ" አሉ። "ቅዳሜ የባህል ቀን ነው። አንድ በርሜል እጠምቃለሁ። ፀሐይ ስትገባ አንዲት ጣሳ ብትተርፍ እንጨቱን ነቅዬ አብሬሽ እሄዳለሁ። ካለቀ ግን ሁለተኛ ይህን ወሬ አታንሺብኝ።"

"ቃል?"

"ቃል።"

የባህሉ ቀን ኮሚቴ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ከቆላ ለሚመጡት እንግዶች የፈረስ ግልቢያ፣ ጭፈራ፣ የሣር ባርኔጣ አሠራር ሁሉ በፕሮግራሙ አስገባሁ። የጠላ ቤት ጉብኝት ስጽፍ ግን የቤተ ክርስቲያኗ አገልጋይ ሜ ማጼፖ ጠረጴዛውን መቱት። "እንግዳ ሰካራም ቤት ይዘን ልንገባ? ማሉኬ፣ አስተማሪ አይደለህም እንዴ?" ፈሪ ነኝ፤ ሰረዝኩት። ሜ ማካቤሎ ሲሰሙ በአጥር ላይ አንገታቸውን አወጡ።

"የባህል ቀን ያለ ጠላ? ሙሽራ የሌለበት ሠርግ ደገሳችሁ በለኛ! ግዴለም፤ ፈረሰኞቹ ጨርቄን ያያሉ።"

አፈርኩ። ልክሳቸው ብዬ ይሁን ወይም ሥራ ፈትቼ፣ መንደሩን ላሳምር ተነሣሁ። በየቤቱ ደጅ የአገራችንን ባንዲራ ቀለማት ላውለበልብ አሰብኩ፤ ሰማያዊ፣ ነጭና አረንጓዴ። ሱቁ ሰማያዊውን ጨርሷል። አረንጓዴውም ጥቂት ነበር። ነጭ ግን እንደ ልብ! ዓርብ ዕለት መሰላል ተሸክሜ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ወንዙ ድረስ በየደጁ እንጨት እያቆምኩ ሰቀልኩ። ሰውም "መምህር እንዴት አሳመርከው!" እያለ መሰላል ያዘልኝ። ሁላችንም አገር አገር እያልን ስለነበር፣ ስለ ጠላ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይሄ ነው።

ቅዳሜ የኮክ ዛፎቹ ሁሉ አብበው፣ ቀኑ ብራ ሆኖ ዋለ። እኩለ ቀን ላይ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ፈረሰኞች የሱፍ ብርድ ልብሳቸውን ደርበው ከተራራው ወረዱ። ፊት ያሉት ሽማግሌው ንታቴ ፋቴ፣ ንታቴ አባት ማለት ነው፣ መንገዱን ዳር እስከ ዳር አዩትና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ልጆቼ! ይህ መንደር ተባርኳል! ሁሉም ጠምቋል!"

ከላይ ጀመሩ። የመጀመሪያው ቤት የሜ ማጼፖ ነበር።

"ሜ፣ ለሠላሳ ሰው ይቅዱልን!"

"ምን?"

"እርስዎ እንኳ ሲጠምቁ! እኛማ ሁልጊዜ እንጠረጥር ነበር።"

ሜ ማጼፖ የዝንጅብል ውኃ ቀድተው ስለ ገነትና ስለ ገሃነም ሰፊ ትምህርት ሰጧቸው። ቀጥሎ የኔ ትምህርት ቤት። ቀጥሎ ክሊኒኩ፤ ነርሷ የታመሙ መስሏት የንታቴ ፋቴን ደም ግፊት ለካች። አንዲት የቆላ ሴት ደግሞ አረንጓዴ አይታ ፖሊስ ጣቢያ ገብታ ጎመን ጠየቀች። ፖሊሱ እስካሁን አልሳቀም። እኔ ከኋላ ከኋላ እየሮጥኩ "ለጌጥ ነው! ለባንዲራው ቀለም ነው!" እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል? ከአሥር ቤት የተመለሱ ሰዎች አሥራ አንደኛውን አያምኑም።

"ጨርቁ ሁሉ ውሸታም ነው። ወደ ጠርሙሱ እንሂድ" አለ አንዱ ጎልማሳ፣ ፈረሱንም አዞረ።

የሜ ማካቤሎ ቤት ከሁሉ በታች፣ ወንዙ ዳር ነው። ሮጬ ስደርስ ደጃቸው ላይ ቆመው መንደሩን ሽቅብ እያዩ ነበር። ሙሉው በርሜል ከኋላቸው፤ ካቤሎ አጠገቡ ሻንጣ ዘርግታ የእናቷን ልብስ ታጥፋለች።

"አንተ ነህ?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ፣ ሜ።"

"ጠዋት ጠዋት ገንፎ እያጎረስኩ ያሳደግኩህ ለዚህ ነው?"

ከማልቀስ በቀር ምንም አልቀረኝም ነበር። ሜ ማካቤሎ ገመዱን ፈቱና ጨርቃቸውን ማውረድ ጀመሩ።

"አያውርዱት! የኔዎቹን ሁሉ አሁኑኑ ሄጄ አወርዳቸዋለሁ!"

"አርባ ዓመት ያልዋሸ ጨርቅ ከውሸታም ጋር ተሰልፎ አይውልም" አሉ። አጣጥፈው በብብታቸው ያዙት። 

ይህን ጊዜ፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ ንታቴ ፋቴ ከላይ ድንገት ልጓም ሳቡ። ጠብታ ያጣ ሰው እንዴት እንደሚያስብ እግዜር ነው የሚያውቀው።

"ቆይ! ጨርቅ ያላቸው አሥር ቤቶች ጠላ የላቸውም። አይደል?"

"አዎ።"

"ያቺ ታች ያለችው ደግሞ እንጨት ብቻ ናት፤ ጨርቅ የላትም። እንግዲያስ ጠላው እዚያ ነው!"

"ንታቴ፣ ይህ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?"

"የተጠማ ሰው ሒሳብ ነው። ተከተሉኝ!"

ሠላሳ ፈረስ ቁልቁል ሲጋልብ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ሜ ማካቤሎ እንደ ደንቡ ራሳቸው ቀምሰው የመጀመሪያዋን ጣሳ ለንታቴ ፋቴ ሰጡ። ሽማግሌው ጠጡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ "የእናቴ ጠላ!" አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይቁጠር? ዘፈኑ ተነሣ። እንግዶቹ የባርኔጣውን ትምህርት ጥለው ወረዱ። ሜ ማጼፖ እንኳ "እንግዶቹ ደኅና መሆናቸውን ላረጋግጥ" ብለው መጥተው፣ ለረጅም ጊዜ ሲያረጋግጡ ቆዩ። እኔ ጣሳ አጣቢ ሆንኩ፤ ይገባኛል።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ፈረሰኞቹ ሳይመሽባቸው መንገድ ጀመሩ፤ ንታቴ ፋቴ በሁለት ሰው ድጋፍ ፈረሳቸው ላይ ወጡ። ሦስታችን ቀረን። ካቤሎ በርሜሉን አዘንብላ የቀረውን አንጠፈጠፈች። ከአተላው ተርፎ አንዲት ጣሳ ሞላ። ልክ አንዲት ጣሳ።

ፀሐይዋ የተራራው ጫፍ ላይ ነበረች። እኔ እጄን ወደ ጣሳዋ ስሰድ ሜ ማካቤሎ እጄን መታ አደረጉት።

"ተው! አንዲት ጣሳ ብትተርፍ ብያለሁ፤ ተረፈች። ጨርቄ አልዋሸም፤ እኔም አልዋሽም።" ወደ ሻንጣው ዞር አሉ። "ያን ወፍራም ብርድ ልብሴን አትርሺ፣ ልጄ።"

ካቤሎ ጣሳዋን እንደያዘች ቆመች። ከተማ ከገባች ወዲህ የእናቷን ጠላ ቀምሳ አታውቅም፤ ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል ትል ነበር። በእናቷ ብብት የተወሸቀውን ጨርቅ፣ የሕፃንነት ቀሚሷን ሌላ ግማሽ፣ አየችው። ከዚያ ጣሳዋን ወደ አፏ አነሣች፤ ሳታቋርጥ፣ እስከ አተላው ጠጣችው። በእጅጌዋ አፏን ጠርጋ ባዶዋን ጣሳ በርሜሉ ላይ ደፋቻት።

"እማዬ" አለች፣ "ለሚቀጥለው ማሽላውን መቼ ነው የምንነክረው?"